ብረት ለበሱ መኪና በማን ገንዘብ ተገዛ?
ስለ ፖሊስ፣ ስለ እርዳታ ገንዘብና ስለ መጠየቅ



ጋቦዴ ላይ ቆሞ መንገዱን ለሚመለከት ሰው ወታደራዊ መኪና እንግዳ ነገር አይደለም። ጅቡቲ የብዙ አገሮች ጦር የሰፈረባት አገር ናት። የፈረንሳይ ጦር ከነጻነት በፊት ጀምሮ አለ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2002 በአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ በሚገኘው በካምፕ ለሞኒዬ ሰፈሩ። ጃፓን በ2011፣ ቻይና ደግሞ በ2017 የየራሳቸውን ሰፈር ከፈቱ። የአገሩም ፖሊስና ዣንዳርም የየራሳቸው መኪናዎች አሏቸው። ብረት የለበሰ መኪና ሲያልፍ ትንንሾቹ ልጆች «ታንክ! ታንክ!» እያሉ ይጠቋቆማሉ። ወላጆቻቸው ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ። ዝም የሚሉበትን ምክንያት ትልልቆቹ ተማሪዎች ታውቁታላችሁ። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን መኪና በመጀመሪያ ያየነው እዚህ አይደለም።

ዛሬ ስለዚህ መኪና አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ እናነሣለን፤ ይኸውም «ፖሊስ ብረት ለበስ መኪና የሚገዛው በማን ገንዘብ ነው?» የሚል ነው። መልሱ «በእርዳታ ነው» ሲሆን ነገሩ ያለቀ ይመስላል። እኛ ግን ጥያቄው የሚጀምረው ከዚያ ነው እንላለን።

ብረት ለበስ መኪና ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ታንክ በጎማ ፋንታ በብረት ሰንሰለት የሚሄድና መድፍ የተተከለበት የጦር መሣሪያ ነው። ፖሊሶች የሚይዙት ብረት ለበስ መኪና ግን አብዛኛውን ጊዜ በጎማ የሚሄድ፣ መድፍ የሌለው፣ ግድግዳውና መስተዋቱ ጥይት እንዳያሳልፍ ተደርጎ የተሠራ ከባድ መኪና ነው። በአሜሪካ ፖሊሶች ዘንድ በጣም የታወቀው ሌንኮ የሚባል ኩባንያ የሚሠራው ቤርካት ነው። ከፎርድ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ይሠራል፤ ክብደቱ ወደ 8 ቶን ይደርሳል፤ በውስጡም ዐሥር ያህል ሰዎችን ይይዛል።

ፖሊስ ይህን መኪና የሚፈልግበት እውነተኛ ምክንያት አለ። አንድ ሰው ቤት ውስጥ ሆኖ በጠመንጃ ሲተኩስ የቆሰለውን ሰው ከመካከል ለማውጣት፣ የታገቱትን ለማስለቀቅ፣ ፖሊሶቹም ራሳቸው እንዳይሞቱ ያገለግላል። በዚህ በጅቡቲ ከተማ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 ላ ሾሚየር በሚባለው ምግብ ቤት ላይ ፈንጂ ፈንድቶ የሰው ሕይወት መጥፋቱን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። እንዲህ ያለ አደጋ ያየ አገር ፖሊሱ ባዶ እጁን እንዲቆም አይፈልግም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ስታነቡ «ፖሊስ ለምን መሣሪያ ያዘ?» የሚል ክርክር ውስጥ አትግቡ። የእኛ ጉዳይ መሣሪያው እንዴት እንደሚመጣና ከመጣ በኋላ ማን እንደሚቆጣጠረው ማወቅ ነው።

የእርዳታ ገንዘብ እንዴት ይሠራል?

ገንዘብ ከሌላ ሲመጣ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ብድር ነው፤ ይመለሳል። ሁለተኛው ስጦታ ወይም የእርዳታ ገንዘብ ነው፤ አይመለስም። ነገር ግን የእርዳታ ገንዘብ እንደ ገበያ ገንዘብ የፈለጉትን አይገዙበትም። ሰጪው «ለዚህ ሥራ ብቻ» ብሎ ይወስነዋል። ለብረት ለበስ መኪና የተሰጠ ገንዘብ የትምህርት ቤት ጣሪያ አይጠግንም፤ የነርስ ደመወዝም አይከፍልም። በተወሰነው ጊዜ ካልተጠቀሙበት ደግሞ ወደ ሰጪው ይመለሳል፤ ወይም ለሌላ ከተማ ይሰጣል።

በአሜሪካ ይህ አሠራር በጣም የሰፋው እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2001 የሽብር ጥቃት በኋላ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር የሚባል መሥሪያ ቤት አቋቁሞ፣ ሽብርን ለመከላከል የሚውል ብዙ ገንዘብ ለክፍለ ግዛቶችና ለከተሞች ማከፋፈል ጀመረ። ከዚህ ሌላ ሁለተኛ መንገድም ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ በወጣ ሕግ መሠረት የጦር ሠራዊቱ የተረፈውን ዕቃ ለፖሊስ በነጻ መስጠት ይችላል። በዚህ መንገድ በኢራቅና በአፍጋኒስታን ጦርነት ፈንጂን ለመቋቋም የተሠሩ ግዙፍ መኪናዎች እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለትንንሽ ከተሞች ፖሊስ ሳይቀር ታደሉ። ከተማው የሚከፍለው የማጓጓዣውንና ከዚያ በኋላ ያለውን ወጪ ነበር።

ታዲያ «ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ» የሚለውን አስምሩበት። መኪናው በስጦታ ቢመጣም ነዳጁ፣ ጎማው፣ መለዋወጫው፣ የሾፌሩና የፖሊሶቹ ሥልጠና ከከተማው በጀት ይወጣል። አባቶቻችን «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚሉት ለእንደዚህ ያለው ነገር ነው።

የዱባ በዓል የምታከብረው ከተማ

አሁን አንድ እውነተኛ ታሪክ እንንገራችሁ። በአሜሪካ በኒው ሃምፕሻየር ክፍለ ግዛት ኪን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ነዋሪዎቿ ወደ 23 ሺህ ይሆናሉ። ከተማዋ የምትታወቀው በዱባ በዓሏ ነበር። ሰዎች ዱባ እየፈለፈሉ የሰው ፊት ይቀርጹበታል፤ ውስጡም መብራት ያኖሩበታል። በ2013 በአንድ ምሽት ከ30 ሺህ በላይ ዱባዎች አብርተው የዓለም ክብረ ወሰን ይዘዋል።

የዚህች ከተማ ፖሊስ ቤርካት ለመግዛት ለአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር አመልክቶ 285,933 ዶላር ተፈቀደለት። በዚህ አገር ገንዘብ ሲመነዘር ከ50 ሚሊዮን የጅቡቲ ፍራንክ በላይ ነው። የገንዘቡ ዓላማ ሽብርን መከላከል ስለሆነ ማመልከቻው ሽብር ሊደርስ የሚችልበትን ቦታ መጥቀስ ነበረበት። ከተጠቀሱት መካከል የዱባው በዓል ይገኝበታል።

ነገሩ በ2012 መጀመሪያ በሕዝቡ ዘንድ ሲሰማ አንዳንዱ ሳቀ፣ ብዙው ተቆጣ። ነዋሪዎች ወደ ከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ሄደው ተናገሩ። «እኛ ታንክ አልጠየቅንም» ያሉ ነበሩ። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው የፖሊሶቹን ሕይወት መጠበቅ ተገቢ ነው፣ ገንዘቡም ከከተማው ኪስ አይወጣም ብለው ተከራከሩ። በመጨረሻ መኪናው ተገዛ።

ልብ በሉ፤ ከተማው ገንዘቡን ከራሱ ግብር ቢያወጣ ኖሮ ምክር ቤቱ መጀመሪያ «መንገዱን እንጠግን ወይስ መኪናውን እንግዛ?» ብሎ ማመዛዘን ነበረበት። ገንዘቡ ከሩቅ ስለመጣ ግን የማመዛዘኑ ጥያቄ ወደ ኋላ ቀረ። የእርዳታ ገንዘብ ትልቁ ፈተና ይህ ነው። የሚከፍለው ሩቅ ነው፤ የሚፈልገው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ከዕቃው ጋር የሚኖረው ሕዝብ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማው በመጨረሻ ነው።

በጥቅምት 2014 በዚያው በዱባው በዓል ጊዜ ከኮሌጁ አካባቢ የሰከሩ ወጣቶች ሁከት አስነሡ፤ ጠርሙስና ድንጋይ ተወረወረ፤ ፖሊስም በአስለቃሽ ጭስ በተናቸው። ይህን ሰምቶ አንዱ «ፖሊሱ ልክ ነበር፣ በዓሉ አደጋ ነበረበት» ሊል ይችላል። ሌላው ደግሞ «ለአሸባሪ ተብሎ የተዘጋጀው ፖሊስ የሰከሩ ተማሪዎችን አገኘ» ሊል ይችላል። በሚቀጥለው ዓመት ምክር ቤቱ ለበዓሉ ፈቃድ ከለከለ።

ለአንድ ጉዳይ መጥቶ ለሌላ መዋል

ከኪን ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ዕቃ ሲጠየቅ የሚጻፈው ምክንያትና ዕቃው ከመጣ በኋላ የሚውልበት ሥራ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ሁለት ሌሎች ምሳሌዎች እንጨምር።

የመጀመሪያው የሎስ አንጀለስ ነው። ከተማይቱ በ1984 የኦሊምፒክ ጨዋታ ስታስተናግድ ፖሊሷ ለጥበቃው ብረት ለበስ መኪና አግኝቶ ነበር። ኦሊምፒኩ አለፈ፤ መኪናው ግን ቀረ። በየካቲት 1985 ፖሊስ በመኪናው ፊት ረጅም የብረት ምሰሶ ገጥሞ፣ ፓኮይማ በሚባል ሰፈር አደንዛዥ ዕፅ ይሸጥበታል ተብሎ የተጠረጠረ ቤት ግድግዳ አፍርሶ ገባ። በቤቱ የተገኙት ሁለት ሴቶችና ሦስት ሕፃናት ነበሩ። አይስክሬም እየበሉ ነበር።

ሁለተኛው ወደ እኛ ይቀርባል። በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) በኢትዮጵያ ከተደረገው ምርጫ በኋላ በሰኔ፣ ቀጥሎም በ1998 ዓ.ም. በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ደም ፈሰሰ። በፓርላማ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን መዝግቧል። በዚያ ወቅት በወታደራዊ ትብብር ከአሜሪካ የመጡ ሐምቪ የሚባሉ መኪናዎች ሰልፈኞችን ለመበተን በተሰማራው ኃይል እጅ በመዲናይቱ ጎዳናዎች ላይ ታዩ። ትብብሩ የተባለው ሽብርን ለመዋጋት ነበር። ከዚህ በኋላ አሜሪካ ተጨማሪ ሐምቪዎች እንዳይላኩ አደረገች።

በዚያው ጊዜ ሌላ ነገርም ሆነ። የውጭ ሰጪዎች በቀጥታ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ይሰጡት የነበረውን የበጀት ድጋፍ አቆሙ። ነገር ግን መምህራንና የጤና ሠራተኞች ያለ ደመወዝ እንዳይቀሩ በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ የሚባል ፕሮግራም ተጀመረ። ገንዘቡ ለወረዳዎች ትምህርትና ጤና እንዲውል፣ የወረዳውም በጀት ለሕዝብ እንዲገለጽ ታሰበ። እንግዲህ እዩ፤ ያው የእርዳታ ገንዘብ አንዱ ብረት፣ ሌላው ጠመኔ ሆኖ ይመጣል። ልዩነቱን የሚያመጣው ገንዘቡ ለምን እንደሚሰጥና ማን እንደሚከታተለው ነው።

ሕግ ምን አደረገ?

ሰዎች ይህን ችግር አይተው ዝም አላሉም። ከብዙ ጥቂቱን በየዓመቱ ቅደም ተከተል እንጥቀስ፤ ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።

በ1974 የአሜሪካ ምክር ቤት ለውጭ አገር ፖሊሶች እርዳታና ሥልጠና መስጠትን ከለከለ። ከዚያ በፊት አሜሪካ የብዙ አገሮችን ፖሊስ ትረዳ ነበር፤ የተረዱት አንዳንድ ፖሊሶችም ሰው ያሠቃያሉ የሚል ክስ በዝቶ ነበር። በኋላ ግን በሕጉ ላይ ብዙ ልዩ ፈቃዶች ተጨመሩበት።

በ1987 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፖሊስ ያን የብረት ምሰሶ ቤት ለማፍረስ ከመጠቀሙ በፊት ከዳኛ ፈቃድ ማግኘት አለበት ሲል ወሰነ። መኪናው አልተወሰደም፤ ቁልፉ ግን ከአንድ ሰው እጅ ብቻ ወጣ ማለት ይቻላል።

በ1997 ሴናተር ፓትሪክ ሌሂ ያቀረቡት ድንጋጌ ከባድ የሰብዓዊ መብት ጥሰት ለፈጸመ የውጭ የጸጥታ ክፍል የአሜሪካ እርዳታ እንዳይሰጥ አዘዘ።

በነሐሴ 2014 ፈርጉሰን በምትባል ከተማ ማይክል ብራውን የሚባል ወጣት በፖሊስ ተገድሎ ሕዝቡ አደባባይ ሲወጣ፣ ብረት ለበስ መኪናና የተደገነ ጠመንጃ በቴሌቪዥን ዓለሙ ሁሉ አየ። በ2015 ፕሬዚዳንት ኦባማ ለፖሊስ የሚሰጠውን የጦር ዕቃ የሚገድብ ትእዛዝ አወጡ። በ2017 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሻሩት። በ2022 ፕሬዚዳንት ባይደን እንደገና ገደቡ፤ በ2025 ትራምፕ እንደገና ሻሩት። ከዚህ የምንረዳው በአንድ ሰው ፊርማ የመጣ ደንብ በሌላ ሰው ፊርማ እንደሚሄድ ነው።

በ2021 የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት ከዚህ የጠነከረ ሕግ አወጣ። ፖሊስ ብረት ለበስ መኪናና መሰል ዕቃ ከመግዛቱ ወይም በእርዳታ ገንዘብ ለማግኘት ከማመልከቱ በፊት፣ ዕቃው ምን እንደሚሠራ፣ ስንት እንደሚያወጣና መቼ እንደሚወጣ ጽፎ ለሕዝብ ማሳየት አለበት። የተመረጠው ምክር ቤት በግልጽ ስብሰባ ካልፈቀደ አይገዛም። ከተገዛም በኋላ በየዓመቱ ስንት ጊዜ እንደዋለ ሪፖርት ይቀርባል።

«ለመሆኑ እንዲህ ያለው ዕቃ ወንጀልን ቀንሷል ወይ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ከሠራዊቱ ለፖሊስ የተሰጠውን ዕቃ ተከትለው በ2017 የወጡ ጥናቶች ቀንሷል ብለው ነበር። በ2020 መጨረሻ የወጡ ሌሎች ጥናቶች ግን የፊተኞቹ የተመሠረቱበት መዝገብ ጉድለት እንዳለበት አሳዩ፤ ወንጀል ለመቀነሱም ማስረጃ አላገኙም። ሪፖርትና መዝገብ በደንብ መያዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ያልተመዘገበ ነገር ጠቀመም ጎዳም ለማለት አይቻልም።

ይህ እኛን ምን ይመለከተናል?

አንዳንድ ወላጅ «እኛ ስደተኞች ነን፤ ምክር ቤት የለን፣ ድምፅ የለን፤ ይህን ማወቅ ምን ይጠቅመናል?» ሊሉ ይችላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም ይህ ነው፦ ከእኛ ይበልጥ በእርዳታ ገንዘብ መካከል የሚኖር ማን አለ? ድንኳናችን፣ ውኃችን፣ ዱቄታችን፣ ደብተራችን በእርዳታ ይመጣል። ስለዚህ የእርዳታን ጠባይ ከማንም በላይ ማወቅ ያለብን እኛ ነን።

እንበልና ለአንድ ትምህርት ቤት ጄኔሬተር በስጦታ መጣ። ሁሉም ደስ አለው፤ ፎቶግራፍ ተነሣ። ከወር በኋላ ናፍጣ አለቀ፤ ለናፍጣ የተመደበ ገንዘብ የለም። ቁልፉ አንድ ሰው ዘንድ ነው። ማታ ለጥናት ይበራል የተባለው መብራት የአንድ ሱቅ ፍሪጅ ማቀዝቀዣ ሆነ። ይህ ታሪክ ከብረት ለበሱ መኪና ታሪክ በምን ይለያል? በዋጋውና በሚያደርሰው ጉዳት ይለያል እንጂ ጥያቄዎቹ አንድ ናቸው። እነርሱም እነዚህ ናቸው፦

1ኛ. ማን ጠየቀው? ከዕቃው ጋር የሚኖሩት ሰዎች ናቸው ወይስ ሌላ?
2ኛ. ለምን ሥራ ተብሎ ተጠየቀ? በጽሑፍ አለ?
3ኛ. ከስጦታው በኋላ ያለውን ወጪ ማን ይከፍላል?
4ኛ. መቼ እንደሚወጣና መቼ እንደማይወጣ የሚወስነው ማን ነው?
5ኛ. የዋለበትን ሥራ ለማን ሪፖርት ያደርጋሉ? ሕዝቡስ ይሰማዋል?

እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በስደተኞች ኮሚቴ ስብሰባ፣ በወላጆች ኮሚቴ፣ በክፍል ውስጥም መለማመድ ይቻላል። በትሕትና የተጠየቀ ጥያቄ ስድብ አይደለም። ሰጪውንም ሆነ ተቀባዩን አያዋርድም፤ እንዲያውም በእውነት ለሚሠራ ሰው ምስክር ይሆነዋል።

ደግሞም ሁላችንም እዚህ አንቀርም። አንዳንዶቻችሁ ወደ አገር ቤት ትመለሳላችሁ፤ ነገ የቀበሌ ወይም የወረዳ ምክር ቤት አባል፣ ፖሊስም የምትሆኑ አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ወደ ሦስተኛ አገር ትሄዱ ይሆናል። በሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ የተሰየመ ሰፈር አለ። ዛሬ በካሊፎርኒያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ፖሊስ ብረት ለበስ መኪና ልግዛ ሲል ስብሰባው ላይ ተገኝቶ መናገር ይችላል። ይህ ዕድል ዋጋ የሚኖረው ግን ምን እንደሚጠይቅ ለሚያውቅ ሰው ነው።

ለወላጆች አንድ ምክር

ልጆቻችሁ ብረት ለበስ መኪና ሲያዩ የሚደነግጡ ከሆነ ዝም አትበሉ፤ አትቆጧቸውም። መኪናው የማን እንደሆነና ወዴት እንደሚሄድ የምታውቁትን ያህል ንገሯቸው። እንዳይከቡት፣ ድንጋይ እንዳይወረውሩበት፣ ፎቶግራፍም እንዳያነሡት አስተምሯቸው። ሌሊት የሚባንን፣ ምግብ የሚተው ልጅ ካለ ለመምህሩ ወይም ለጤና ጣቢያው ንገሩ። እናንተም ያያችሁትን በልጁ ዕድሜ ልክ አድርጋችሁ ብትነግሩት ልጁ ብቻውን ከመፍራት ይድናል።

በቤትና በክፍል ለመወያየት

ሀ. የኪን ከተማ ምክር ቤት አባል ብትሆኑ ኖሮ መኪናውን ትፈቅዱ ነበር? ምክንያታችሁን ጻፉ።
ለ. በትምህርት ቤታችሁ ካሉት ዕቃዎች በስጦታ የመጣ አንድ ዕቃ ምረጡ። አምስቱን ጥያቄዎች አንድ በአንድ መልሱለት።
ሐ. ካሊፎርኒያ ያወጣችው ዓይነት ሕግ ከፕሬዚዳንት ትእዛዝ የሚሻለው ለምንድን ነው? ወይስ አይሻልም?
መ. ለወላጆቻችሁ ወይም ለአያቶቻችሁ ይህን ጽሑፍ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ከዚያም በእነርሱ ዘመን ፖሊስ በምን ይሄድ እንደነበር ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁን በደብተራችሁ ጽፋችሁ ወደ ክፍል አምጡ።